«የለም» ተብሎ የተጻፈው ጠበል

ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲሄዱ አስፋልቱን ለቅቀው በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ወደ ውስጥ ቢገቡ ዝግባ ሚካኤልን ያገኛሉ። ገብስና ባቄላ የሚዘራባት፣ በግ የሚረባባት፣ ብርዷ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ የደጋ ቀበሌ ናት። ቤተ ክርስቲያኑ በአንደኛው ኮረብታ ላይ ነው። በማዶ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ አንድ ጥቁር የዐለት ጋራ አለ። ከጋራው ግርጌ የሚካኤል ጠበል ይፈልቃል። ይፈልቅ ነበር ብል ይሻለኛል።

ይህን ታሪክ የምነግራችሁ ላጫውታችሁ አይደለም። ንዴቴ አልወጣልኝም። በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጣችሁ ቅጽ የምትሞሉ፣ በየስብሰባው እጃችሁን የምታወጡ፣ «ልማት መጣ» ሲባል ምን ይዞ እንደመጣ ሳትጠይቁ የምታጨበጭቡ ሁሉ ስሙኝ። ነገሩ እናንተንም ይመለከታል።

ዘመነ ሰብስቤ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው። ስሙን በማልጠራው አንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት የአካባቢ ተፅዕኖ ባለሙያ ነበር። ሥራው ሲያዩት ከባድ አይደለም። መንገድ ሊጠረግ፣ የድንጋይ ካባ ሊከፈት፣ ፋብሪካ ሊተከል ሲታሰብ፣ እሱ አስቀድሞ ቦታው ድረስ ሄዶ «ይህ ቢሠራ ምን ይጎዳል? ጉዳቱንስ በምን እናስቀረዋለን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያገኘውንም ይጽፋል። ዋናው ነገር «አስቀድሞ» የሚለው ነው። ከተጎዱ በኋላማ ማንም መንገደኛ ቆሞ ይጠይቃል።

በጥር ወር አንድ ድርጅት የዝግባ ሚካኤልን ጥቁር ዐለት እያፈነዳ፣ ፈጭቶ ለመንገድ ሥራ ሊያቀርብ ፈቃድ ጠየቀ። ዘመነ አርባ ጥያቄ ያለበት ቅጽ ተሰጠው። ሕዝቡንም እንዲያማክር ታዘዘ። ሕዝብ ለማማከር የመረጠው ቀን ጥር ዐሥራ ሁለት ነበር። የሌሎቹ ታቦታት በጥምቀት ዕለት፣ ጥር ዐሥራ አንድ፣ ወደ መንበራቸው ሲመለሱ፣ ሚካኤል ግን ጥር ዐሥራ ሁለትን ጠብቆ ነው የሚገባው። ሕዝቡ ሁሉ ነጭ ለብሶ ታቦቱን ሊያጅብ ወጥቷል። «አንድ ቦታ ላይ አገኛቸዋለሁ፤ ቤት ለቤት ከመዞር እገላገላለሁ» ብሎ አሰበ። ብልጠት መስሎት ነው። የቸኮለ ሰው ምን እንደሚመልስ ማን ያጣዋል?

ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ አርባ ሰባት ሰው ሰበሰበ። መኪናው ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል፤ ሾፌሩም ደባርቅ ገብቶ በዓሉን ሊያይ ቸኩሎ በየመሐሉ ጥሩምባ ይነፋል። ዘመነ ጥያቄዎቹን እየገለበጠ ያነባል። ጋራው ላይ ስለሚበቅለው ዛፍ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ርቀት ጠየቀ። እንዲህ እያለ ዐሥራ ሰባተኛው ላይ ደረሰ።

«ከሥራው ቦታ በአንድ ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ የውሃ ምንጭ አለ ወይስ የለም?»

መልስ የሰጡት የመንደሩ ሽማግሌ አያ የሺዋስ ናቸው። «ውሃስ የለንም ልጄ» አሉ። «ቧንቧ አስገቡልን እያልን ስንት ዓመት ደጅ ጠናን፤ የሰማን የለም። ያኖረን ሚካኤል ነው።»

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። በዝግባ ሚካኤል ሰው አፍ ጠበል ውሃ አይባልም። ነውር ነው። ከጠበሉ ቅጥር ወጥቶ የሚወርደው ትራፊ እንኳ ስሙ ሚካኤል ነው። ጀሪካን ያዘለች ሴት ወዴት እንደምትወርድ ቢጠይቋት «ሚካኤል» ነው መልሷ። ከብት ሲጠጣም «ሚካኤል ደርሶ መጣ» ይባላል። የአያ የሺዋስ ቃል ትርጉሙ ይህ ነው፦ ቧንቧ የለንም፣ የምንጠጣው ከጠበሉ ነው። ሌላ አገር ያደገ ባለሙያ ቢሆን ኖሮ ይህ ባይገባው አይፈረድበትም ነበር።

ዘመነ ግን የዳባት ልጅ ነው፤ ያውም የመሪጌታ ሰብስቤ ልጅ። በሰባት ዓመቱ «የጠበሉ ውሃ» ብሎ እናቱ ከንፈሩን ቆንጥጣዋለች። አያ የሺዋስ ያሉት ገብቶታል፤ እስክሪብቶውም ቆም ብሎ ነበር። ከጋራው ግርጌ ከበሮ ይሰማል። ታቦቱ ያደረው እዚያው ጠበሉ ዘንድ ነውና ካህናቱ እያሸበሸቡ ነበር። ሰው እንዲህ ባለ ቦታ ቆሞ፣ ከበሮው እየጮኸለት፣ ምንጭ መኖሩን እንዴት ይስታል?

አልሳተም። ቅጹ ላይ ሁለት ሳጥኖች ነበሩ። «አለ» የሚለው ላይ ምልክት ያደረገ ሰው ከጀርባ የተያያዙ አራት ገጾች መሙላት አለበት፦ ርቀቱ ስንት ነው፣ ፍሰቱ ስንት ነው፣ ስንት ሰውና ከብት ይጠቀምበታል፣ እንዳይጎዳ ምን ይደረግ። ለዚያ ደግሞ ቁልቁል ወርዶ ማየት፣ መለካት፣ ምናልባትም ነገ ተመልሶ መምጣት ሊኖርበት ነው። መኪናው እንደገና ጥሩምባ ነፋ። «ራሳቸው የለም ብለዋል» አለ በሆዱ። «የለም» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክቱን አደረገና ወደ ዐሥራ ስምንተኛው አለፈ። አርባ ሰባቱም ሰዎች ፊርማቸውንና የአውራ ጣታቸውን አሻራ አኖሩለት። ከዚያ ተነሥተው ታቦቱን ሊያጅቡ ወረዱ።

በመጋቢት የድማሚቱ ሥራ ተጀመረ። በመጀመሪያው ፍንዳታ የየቤቱ ግድግዳ ጭቃ ረገፈ፤ ሰዉም «ይለመዳል» አለ። ከሦስተኛው በኋላ ጠበሉ አጓት መሰለ። ከሩቅ አገር መጥተው ሱባኤ ይዘው የነበሩ ሕመምተኞች ነጭ ነጭ የሚለውን እያዩ አንድ ሁለት እያሉ ወጡ። በሚያዝያ መጀመሪያ ደግሞ መቅጠን ጀመረ። ቀድሞ አባታችን ሆይ ሦስት ጊዜ እስኪደገም አንድ ጀሪካን ይሞላ ነበር። አሁን የዕለቱ ውዳሴ ማርያም ተደግሞ ሲያልቅ ጀሪካኑ ገና ግማሽ አልደረሰም። ያንን ግማሽ ጀሪካን ለመቅዳት ሴቶች ተራ እየጠበቁ ተጣሉ፣ ተሰዳደቡ፤ ሁለቱማ ፀጉር ለፀጉር ተያያዙ። የክርስትና ልጅና እናት የነበሩ ናቸው።

ከብቶቹ ደግሞ ወደ ገደሉ መውረድ ግድ ሆነባቸው። ከታች ወንዝ አለ፤ ሁለት ሰዓት ቁልቁል፣ ሦስት ሰዓት ሽቅብ። አልጣሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት በዚያ መንገድ በሬዋን አጣች። ሁለት በሬ ነበራት፤ ልጇ ጠምዶ ያርስላታል። ቦራ የሚባለው አንደኛው ከገደሉ ጠርዝ ላይ ድንጋዩ ከዳውና ወረደ። ሥጋውን እንኳ የሚያወጣ ሰው አልተገኘም። እንግዲህ ሰኔ እየመጣ አንድ በሬ ይዞ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ለገበሬ አልነግረውም፤ ለከተሜ ግን ልንገረው፦ እርሻህ ጦሙን ያድራል ማለት ነው።

ወሬው ደባርቅ ደረሰ። ዘመነ ሰማ፤ ሰምቶም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በግንቦት አንድ ቀን ግን የድርጅቱ የሥነ ምድር ባለሙያ ስልክ ደወለለት። ሰውዬው ሥራውን የሚያውቅ፣ ኅሊናውም ያልሞተ ነበር። «ዘመነ፣ ያ ውሃ የሚመጣው ከዐለቱ ስንጥቅ ውስጥ ነው» አለው። «ከላይ ያፈነዳነው አናግቶታል። አሁን አለቆቼ ወደ ጋራው ታችኛው ፊት፣ ከጠበሉ በላይ ወዳለው ዐለት፣ እንውረድ እያሉ ነው። እሱን ካፈነዳነው ስንጥቁ ይዘጋል፤ ውሃው ለዘለዓለም ጠፋ ማለት ነው። ከጋራው ጀርባ ብንቆፍር ግን አይነካውም። መንገዱ ይረዝምብናል እንጂ ድንጋዩ ያው ነው።»

በማግሥቱ የዘመነ አለቃ አቶ ገዱ ቢሯቸው ጠሩት።

«ድርጅቱ ወደ ታችኛው ፊት ሊወርድ ነው» አሉት። «ተጨማሪ ተፅዕኖ እንደሌለው የምትገልጽ አንዲት ገጽ ጻፍ። ሕዝቡ የተስማማበትን ቃለ ጉባኤም አያይዝ። እስከ ዓርብ ይድረስ።»

«ጠበሉ እየነጠፈ ነው ይላሉ፣ አቶ ገዱ።»

«የምን ጠበል?» አቶ ገዱ ፋይሉን ገለጡ። «ይኸው የአንተ ቅጽ። ጥያቄ ዐሥራ ሰባት፣ የለም። የሌለ ነገር እንዴት ይነጥፋል?» ብለው ሳቁ። ቀልዱ ደስ ብሏቸው ደገሙት።

«ከጋራው ጀርባ መቆፈር ይቻላል ይባላል።»

«ስማ ዘመነ። ይህ መንገድ ለስንት ወረዳ ነው የሚሠራው? አንድ ምንጭ ደረቀ ብለን አገር እናቁም? ይህ ግምገማ የምትለው ነገር ፎርማሊቲ ነው፤ ፋይሉ ሙሉ እንዲሆን ነው። ደግሞ የለም ያሉት እነሱ ናቸው። አርባ ሰባት ፊርማ አለህ። ማን ይነካሃል?»

ዘመነ ፋይሉን ተቀበለ። እውነቱን ለመናገር እሱም ሲያስብ የኖረው እንደዚያው ነው። ቅጽ ማለት ለእሱ ፋይል የሚሞላበት እንጂ ጉዳት የሚቀርበት አልነበረም። ቃለ ጉባኤውን ሊያመጣ ረቡዕ ዕለት ወጣ።

ዝግባ ሚካኤል ሲደርስ እንደምን አደርክ ያለው ሰው የለም። ቅጹ ላይ «የለም» ብሎ መጻፉን ቀበሌው ሁሉ ሰምቷል። በዚያ አገር ደም የተቃባ ሰው እንኳ መንገድ ላይ ሲገናኝ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል። ለእሱ ግን ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ዘወር አሉ፤ ወንዶቹ ደግሞ ዓይኑን እያዩ ዝም አሉት። የሚቀመጥበት የሰጠው የለም። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ስልሳ ያህል ሰው ተሰብስቧል፤ ቄሰ ገበዝ ሀብተ ሚካኤልም መቋሚያቸውን ተደግፈው ከዳር ቆመዋል። ዘመነ ጉሮሮውን ጠርጎ ቅጹን ገለጠ።

«ያው እንደ ባለፈው ጥቂት ጥያቄ ነው። ከሥራው ቦታ አጠገብ የሚታረስ መሬት አለ ወይስ የለም?»

«የለም» አሉ አያ የሺዋስ።

ዘመነ ቀና አለ። ከሽማግሌው ትከሻ በላይ የአልጣሽ የገብስ ማሳ ይታያል። «እንዴት የለም? ይኸው ማሳው።»

«የለም ካልንህ የለም። ጻፍ።»

«ግጦሽ አለ ወይስ የለም?»

«የለም» አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ።

«ከብት?»

«የለም።»

ዘመነ ላቡን ጠረገ። በብርድ አገር አልቦታል። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ዓይኑ አረፈ፤ ሳያስበው አነበበው። «በአካባቢው ነዋሪ ሰው አለ ወይስ የለም?»

አሁን የመለሰችው አልጣሽ ናት። ከሴቶቹ መሐል ወጥታ ፊቱ ቆመች። «የለም» አለችው። «እንደ ባለፈው አድርገህ ጻፈው። ሰው የለም። ያኔ ማንንም ሳትጠይቅ ታፈነዳዋለህ።»

ሳቅ የለም፣ ጫጫታ የለም። ዘመነ ቅጹን አጠፈ። ሁለት ሦስቱ ጎረምሶች ድንጋይ ማንሣት ሲጀምሩ ቄሰ ገበዝ መሐል ገቡ። ክንዱን ይዘው ወደ መኪናው ወሰዱት። እሱን ለማዳን ብቻ አይመስለኝም፤ የሚነግሩትም ነበራቸው።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

«የመሪጌታ ሰብስቤ፣ አባቴ። የዳባቱ።»

ቄሰ ገበዝ እጃቸውን ከክንዱ ላይ አነሡ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሰውዬውን የአገሩን አነጋገር የማያውቅ እንግዳ አድርገው ቆጥረው በልባቸው ይቅር ብለውት ነበር። አሁን ፊታቸው ተለወጠ።

«እንግዲያው ሰምተሃል» አሉት። «የሺዋስ ያለው ገብቶሃል። የካህን ቤት ልጅ ጠበልን ውሃ እንደማንል ሳያውቅ አያድግም። እኔ ባላገሩን ስገሥጽ ነበር እኮ፤ ‹ለማያውቅ ሰው ለምን ግልጥ አድርጋችሁ አልነገራችሁም› እያልኩ። ለካስ በከንቱ ነው የገሠጽኳቸው።»

ዘመነ ክዶ ሊያመልጥ ይችል ነበር። «አልሰማሁም» ቢል ምስክር የለበትም። አንገቱን ደፋና «ገብቶኛል፣ አባቴ» አለ።

«ለምን?»

«አራት ገጽ ነበር የሚሞላው። ቸኩዬ ነበር።»

ቄሰ ገበዝ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ለአራት ገጽ» አሉና ጥለውት ሄዱ።

ዘመነ ሁለት ቀን ምግብ አልበላም። ሦስተኛው ቀን ላይ የታየው መፍትሔ ግን እንደ ወትሮው አጭር መንገድ ነበር። በዚያ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ የተበዳይ ደጅ ይወድቃል፤ ተበዳይም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላል፤ ነገር ያበቃል። ዘመነም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዝን አስለምኖ፣ ራስ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ የአልጣሽ ደጅ ላይ ተንበረከከ። በእርግጥ አዝኗል፤ ሐዘኑን አልነሣውም። ግን እዚያው ተንበርክኮ ሳለ «ይቅር ካሉኝ ልቤ ያርፍልኛል» ነበር የሚለው። ቅጹ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ እንዳለ ነው። አቶ ገዱም ደብዳቤውን እየጠበቁ ነው።

አልጣሽ ወጥታ አየችው። ጎረቤቶቿ «ይቅር ለእግዚአብሔር» የሚለውን ቃል ከአፏ እየጠበቁ ከበዋል።

«ድንጋዩን አውርደው» አለችው። «ድንጋይስ በቅቶናል።»

«እትዬ አልጣሽ፣ በሬዎን…»

«በሬዬን አንተ አልገፋኸውም። እኔን የበደልከኝ በምንህ ነው? በእጅህ ነው? በምላስህ ነው? በወረቀት ነው የበደልከኝ። ታዲያ ደጄ ላይ ምን ትሠራለህ? ሂድና እዚያው በጻፍክበት ላይ ታረቅ። እኔ ዛሬ ይቅር ብልህ ነገ ጠዋት ያ ድማሚት ይቅር ይለኛል?»

ጎረቤቶቿ አጉረመረሙ። ድንጋይ የተሸከመ ሰው መመለስ እንደ ልበ ደረቅነት ይቆጠራል። አልጣሽ ግን በሯን ዘጋች። ዘመነ ወደ ቄሰ ገበዝ ዞሮ እንዲያማልዱት ለመነ።

«ምን ብዬ?» አሉት ቄሰ ገበዝ። «ንስሐህን እኮ ነገረችህ። እኔም ብሆን ከዚህ የተሻለ ቀኖና አልሰጥህም።»

ሰኞ ጠዋት ዘመነ አንድ ገጽ ጻፈ። አቶ ገዱ የጠበቁት ገጽ አልነበረም። እንዲህ ይላል፦ «ጥር ዐሥራ ሁለት ቀን በሞላሁት ቅጽ፣ ጥያቄ ቁጥር ዐሥራ ሰባት ላይ ‹የለም› ብዬ ያሰፈርኩት መልስ ሐሰት ነው። ከካባው በሦስት መቶ ሜትር ርቀት የስልሳ አባወራና የከብቶቻቸው መጠጫ የሆነ ምንጭ አለ። መኖሩን እያወቅሁ ነው የለም ያልኩት። የታችኛው ፊት ቢፈነዳ ምንጩ እስከ መጨረሻው ይጠፋል። ሥራው ወደ ጋራው ጀርባ እንዲዛወር አሳስባለሁ።»

አቶ ገዱ አነበቡት፤ መነጽራቸውን አወለቁና ጠረጉ፤ እንደገና አነበቡት።

«ይህን ከላክህ ከሥራህ ትነሣለህ» አሉት። «ታውቃለህ አይደል? ግን ልርዳህ። ‹እያወቅሁ› የምትለዋን አውጣት። በእሷ ፋንታ ‹ነዋሪዎቹ ውሃ የለም ብለው በመመለሳቸው በተፈጠረ የመረዳት ክፍተት› በል። ይህ ደግሞ ውሸት አይደለም። እነሱ ራሳቸው አላሉም?»

ዘመነን የፈተነው ይህ ነው። ስድቡን ችሎታል፣ የተዘጋውን በር ችሎታል፤ ይህች ዐረፍተ ነገር ግን ለስላሳ ነበረች። አያ የሺዋስ በርግጥ «ውሃስ የለንም» ብለዋል። አርባ ሰባት ሰው ፈርሞበታል። ዐረፍተ ነገሩን ቢቀበል ምንጩም ይድን፣ እሱም ወንበሩ ላይ ይቀመጥ ይሆናል። ጥፋቱ ብቻ ወደ ሽማግሌው ይዞራል። ነገ ሌላ ባለሙያ ሌላ ቀበሌ ሄዶ፣ የገበሬውን ቃል ለራሱ በሚመቸው በኩል ሰምቶ ይጽፋል፤ ሲያዝም «የመረዳት ክፍተት» ይላል።

«ክፍተት አልነበረም፣ አቶ ገዱ» አለ። «ገብቶኝ ነበር።»

«ለአንድ ቃል ብለህ ነው ራስህን የምትቀብር?»

«እነሱንም የቀበርኳቸው በአንድ ቃል ነው።»

ደብዳቤውን ለዞን፣ ለድርጅቱ፣ ለቀበሌውም ግልባጭ አድርጎ ላከው። አቶ ገዱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አላሉትም። አንዳንዱ ባልደረባው «ጀግና ነህ» አለው፤ አብዛኛው ግን «እኛንም ሊያስበላ ነው» ብሎ ሸሸው። ጀግና ያሉት ተሳስተዋል። ሰው ራሱ የለኮሰውን እሳት ስላጠፋ ጀግና አይባልም።

በሰኔ ወር ሦስት ባለሙያዎች ከዞን መጡ። በዚህ ጊዜ በዓል አልጠበቁም፤ ሾፌሩንም ሞተሩን አጥፍቶ እንዲተኛ ነገሩት። አልጣሽና አያ የሺዋስ ቁልቁል ይዘዋቸው ወርደው ስንጥቁን፣ ጠበሉን፣ ከብቱ የሚጠጣበትን፣ ቦራ የወደቀበትንም ሳይቀር አሳዩዋቸው። የታችኛው ፊት እንዳይነካ ተወሰነ። ካባው ወደ ጋራው ጀርባ ዞረ፤ የድማሚቱም መጠን ተቀነሰ። ፍርስራሹ ወደ ጠበሉ እንዳይወርድ ድርጅቱ የድንጋይ እርከን ሠራ፣ የከብት መጠጫ ገንዳም አስገነባ። በየሳምንቱ የምንጩ ፍሰት እየተለካ እንዲመዘገብም ታዘዘ። ይህ ሁሉ በጥር ወር፣ በእነዚያ አራት ገጾች ላይ ሊጻፍ ይችል የነበረ ነው። አዲስ ጥበብ አልተገኘበትም። በጥር ቢሆን ቦራ ቆሞ ያርስ ነበር፤ የክርስትና እናትና ልጅም ዛሬ ይነጋገሩ ነበር።

ጠበሉ በክረምቱ ትንሽ አገገመ። በኅዳር ውዳሴ ማርያሙ ሲያልቅ ጀሪካኑ ይሞላል። ወደ ሦስቱ አባታችን ሆይ ይመለስ እንደሆነ ባለሙያዎቹም አያውቁም። የአልጣሽ ልጅ አንዱን በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጀ፣ ተራ እየጠበቀ፣ ዘግይቶ ዘራ፤ ማሳው ግማሹ ሳይታረስ ቀረ። ዘመነም ተቀጣ። ከደረጃው ዝቅ ብሎ ከሊማሊሞ በታች ወደ ዛሪማ ተዛወረ። ይገባዋል።

ከመሄዱ በፊት ዝግባ ሚካኤል መጣ። ድንጋይ አልያዘም፤ የደብዳቤውን ግልባጭ ይዞ ነበር። አልጣሽ ደጇ ላይ ገብስ ታበጥራለች። ዘንድሮ ያገኘችው ገብስ አንድ አቁማዳ አይሞላም። ማንበብ ስለማትችል እሱ አነበበላት። «እያወቅሁ» የሚለውንም አልዘለለውም። አልጣሽ ማበጠሯን ሳታቆም አዳመጠችው።

«ዛሪማም ቅጽ ትሞላለህ?» አለችው።

«እሞላለሁ።»

«የዛሪማ ሰው አፉ ከእኛ ይለያል። ግማሹ ትግርኛ ያወራል። እኛ ውሃ የማንለውን እነሱ ውሃ ይሉታል፤ እነሱ የማይሉትን ደግሞ እኛ እንል ይሆናል። ‹የለም› ሲሉህ ምኑ እንደሌለ ጠይቅ። ‹አለ› ሲሉህም የት እንዳለ ወርደህ እይ። እግርህ ሳይረግጠው እጅህ አይጻፈው።»

«እሺ፣ እትዬ። ይቅር ይሉኛል?»

ሰፌዱን መሬት ላይ አኖረችና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«እኔ በቃል ብቻ የተባለ ነገር ማመን ትቻለሁ» አለችው። «አንተ ነህ ያስተማርከኝ። ሂድና ሥራ። እዚያ ወርደህ ያየኸው አንድ ምንጭ ከነሰዉ፣ ከነከብቱ ተርፎ ያየ መንገደኛ ወሬውን ያመጣልኛል። ያን ዕለት ይቅርታዬን በዚያው ሰው እልክልሃለሁ።»

ዘመነ ወደ ዛሪማ ከወረደ ይኸው ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ቁልቁለቱን በእግሩ ይወርዳል፣ ይለካል፣ አራቱንም ገጽ ይሞላል፤ እንዲያውም ገጹ አነሰኝ እያለ አባሪ ይጨምራል አሉ። ከዚያ በኩል የሚመጣ ሹፌር ሁሉ ዝግባ ሚካኤል መገንጠያ ላይ ሲቆም አልጣሽን ያውቃታል፤ ትጠይቀዋለችና። የምትጠይቀውም ስለ ዘመነ ጤና አይደለም፤ ስለ ምንጮቹ ነው።

ይቅርታውን እስካሁን አልላከችም፤ ምንጭ ተርፎ አየሁ ያላት መንገደኛ ገና የለም። «ምነው፣ ጨከንሽ» ይሏታል ጎረቤቶቿ። እኔ ግን አልፈርድባትም፤ እናንተም አትፍረዱ። በየቢሯችሁ እንደ ዘመነ ቅጽ ፊት ተቀምጣችሁ፣ እስክሪብቷችሁ ቆም ያለባት አንዲት ሳጥን ካለች፣ ተነሡና ውረዱ፤ ዛሬውኑ። በኋላ ድንጋይ ብትሸከሙ ንስሐችሁን የምትነግራችሁ አልጣሽ ላትኖር ትችላለች።